በግና አውሬ በስሜን ደጋ

ቅዳሜ ገበያን የማያውቅ የጎንደር ሰው የለም። በግና ፍየል የሚሸጥበት ቦታ ቆም ብላችሁ ብታዩ፣ በግ ለገበሬ ቤት ምን እንደሆነ ይገባችኋል። አንዱ የሚሸጠው የማዳበሪያ ዕዳ ለመክፈል ነው። አንዷ ለልጇ ደብተርና ጫማ ልትገዛ ነው። ሌላው የታመመ ሰው ሊያሳክም ነው። በግ የገበሬ ገንዘብ ማስቀመጫ ነው። እንግዲህ አውሬ አንዲት እናት በግ ሲወስድ ያንን ደብተርና ያንን መድኃኒት ጭምር ይዞ ይሄዳል።

ከጎንደር ተነስተን ወደ ስሜን እንውጣ። መንገዱ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ ደባርቅ ይገባል። 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጎንደር ላይ ነጠላ የበቃው ሰው ደባርቅ ሲደርስ ጋቢ ያምረዋል። ከደባርቅ ወዲያ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነው። ፓርክ ማለት የዱር እንስሳት በሕግ የሚጠበቁበት ቦታ ነው። ይህ ፓርክ የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም. ነው። ዋልያ፣ ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ ይኖሩበታል። ነብርና ጅብም አሉ። ከፓርኩ ዳር ዳር ደግሞ ሰው ገብስ ይዘራል፣ በግ ያረባል። በጉና አውሬው ጎረቤታሞች ናቸው ማለት ነው።

ከደባርቅ ወደ ሳንቃበር በሚወስደው መንገድ አንዲት እናት ቤት አርፌ ነበር። እማማ የበጎቻቸውን ጉረኖ አሳዩኝ። ግድግዳው የድንጋይ ካብ ነው። ቁመቱ ከሰው ትከሻ ያልፋል። ከካቡ በላይ የቀጋ እሾህ ተከምሯል። የእሾሁ ጫፍ ወደ ውጭ ነው፤ ሊወጣ የሞከረውን አውሬ ፊቱን እንዲወጋው። በሩ ከሳንቃ የተሠራ ነው፤ የቀበሮ ራስ የሚያስገባ ክፍተት የለውም። ከበሩ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ተቀብሯል። ቀበሮ አፈር ቆፍሮ ይገባል፤ ድንጋይ ግን መቆፈር አይችልም። ይኼን ሁሉ ማንም መሐንዲስ አልነገራቸውም።

ነብር ባለበት አገር ግን ካብ ብቻውን አይበቃም። ነብር ከሰው ቁመት በላይ ይዘላል። ስለዚህ ጉረኖው ጣራ ያስፈልገዋል። አግዳሚ እንጨት ረብርቦ እሾህ መጫን ነው። ግልገሎች ከሰው ጋር ቤት ውስጥ ይደሩ። ዶሮም ቆጥ ላይ ትደር፤ ሸለምጥማጥ በትንሽ ቀዳዳ ትገባለችና። ጫጩቶችን ቀን ቀን ከጭልፊት ለማዳን ሰፋ ያለ ቅርጫት መድፋት ይበቃል።

በግ ሲጠፋ ብዙ ሰው ወዲያው «ቀበሮ በላው» ይላል። ኧረ ቀስ ብለን እንይ! ነብር ጉሮሮ ይነክሳል፤ የገደለውን ጎትቶ ቁጥቋጦ ውስጥ ወይም ዛፍ ላይ ይደብቃል። ጅብ ሌሊት ይመጣል፤ አጥንቱን ሳይቀር ሰብሮ ስለሚበላ ጠጉርና ደም ብቻ ይተርፋል። ቀበሮ ግልገል ይመርጣል፤ ማለዳና አመሻሽ ላይ ይመጣል፤ ጉም ሲሆንማ ደስታው ነው። ብዙ በጎች ተነካክሰው ሳይበሉ ከተገኙስ? ያ የሰፈር ውሻ ሊሆን ይችላል። ሌባውን ሳያውቁ በር መዝጋት አይቻልም።

ቀይ ቀበሮና ተራው ቀበሮም አንድ አይደሉም። ቀይ ቀበሮ እግሩ ረዥምና ቀጭን ነው። ጠጉሩ ቀይ፣ ጉሮሮውና ደረቱ ነጭ፣ የጅራቱ ጫፍ ጥቁር ነው። ተራው ቀበሮ አቧራ ይመስላል። የቀይ ቀበሮ ዋና ምግቡ አይጥ ነው። አይጥ ደግሞ የገብሳችን ጠላት ነው። ቀይ ቀበሮ ግልገል አይነካም ብዬ አልዋሻችሁም፤ አንዳንዴ ይወስዳል። አብዛኛውን ጊዜ የሚወስደው ግን ተራው ቀበሮ ነው።

ሸዋ ውስጥ መንዝ የሚባል ደጋ አለ። እዚያም በጓሳ ምድር እንደ ስሜን ቀይ ቀበሮና ጭላዳ አብረው ይኖራሉ። ቀይ ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መካከል እየተመላለሰ አይጥ ሲያድን ተመራማሪዎች ተከታትለው አይተዋል። ጭላዳዎቹ አይሸሹትም። በመንጋው መካከል ሆኖ ሲያድን ከ3 ሙከራ 2ቱ ይሳካለታል። ብቻውን ሲሆን ግን ከ4 ሙከራ 1 ብቻ ነው። ይህ እንስሳ ከዓለም በኢትዮጵያ ብቻ ይገኛል። በአገሩ ያሉት ሁሉ ቢቆጠሩ 500 ገደማ ናቸው።

አንዳንድ ሰው በንዴት መርዝ ያስቀምጣል። ይኼ ከሁሉ የከፋ ነው። መርዙን የሚበላው ቀበሮው ብቻ አይደለም። የራሳችሁ ውሻ ይበላዋል፤ አሞራ ይበላዋል፤ ሕፃን ልጅ በእጁ ሊነካው ይችላል።

ጥሩ ውሻ ከመርዝ ይሻላል። ሌሊት ከጉረኖው በር አይለይ፤ ቀን ግን በየሜዳው አይዙር። የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻ ወደ ቀይ ቀበሮ፣ ወደ ከብትና ወደ ሰው ይተላለፋል። በባሌ ተራሮች በ1996 ዓ.ም. በአንድ ሸለቆ ውስጥ ከ4 ቀይ ቀበሮዎች 3ቱ ያህል በዚህ በሽታ አልቀዋል። ውሻችሁን በየዓመቱ አስከትቡ። ውሻ ወይም አውሬ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ ይጠብ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። በሽታው ከጀመረ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም።

አሁን ወደ እረኛው ልምጣ። በሐምሌና በነሐሴ የስሜን ጉም አጠገብ ያለውን ሰው ይሰውራል። በዚያ ጉም ውስጥ አንድ ትንሽ ልጅ ብቻውን መንጋ ይዞ ይውላል። ነብር ቢመጣ ልጁ ምን ያደርጋል? እኔ በበኩሌ ለበጉ ብቻ ሳይሆን ለልጁም እፈራለሁ። 3 ወይም 4 ቤቶች በጎቻቸውን አቀላቅለው በተራ ቢጠብቁ ግን አንድ ትልቅ ሰው ሁልጊዜ ከመንጋው ጋር ይውላል። ተራው ያልደረሰ ቤት ልጅ ትምህርት ቤት ይውላል። መንጋውም ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ 11 ሰዓት ላይ ይግባ።

ያረፍኩባቸው እማማ መጻፍ የተማሩት በቅርቡ ነው። በግ በጠፋ ቁጥር በልጃቸው አሮጌ ደብተር ላይ አንድ መስመር ይጽፋሉ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ጉም መኖር አለመኖሩን፣ የታየውን ዱካ ይጽፋሉ። አንድ ቀን ቁጭ ብለው ከመጀመሪያው ጀምሮ አነበቡት። አብዛኛው ግልገል የጠፋው በአንድ የወንዝ መሻገሪያ፣ አመሻሽ ላይ ነበር። አሁን መንጋቸው ያንን ወንዝ የሚሻገረው በ9 ሰዓት ነው።