ድንገተኛ ክፍል ተራ ለደረሳችሁ የይፋት ልጆች



ይህን የምንጽፈው ከሸዋሮቢትና ከይፋት ቆላ ወጥታችሁ ሕክምና ለምትማሩ፣ በተለይም የድንገተኛ ክፍል አታችመንት ለደረሳችሁ ወንድሞችና እህቶች ነው። እኛ ሐኪሞች አይደለንም። ግን ሰው ሲታመም «ዱዓ አድርጉ»፣ ሲሞት «እጠቡት፣ አሰግዱበት» የምንባል ነንና ዝም ማለት አልቻልንም።

ብዙ ተማሪ እነዚህን ሳምንታት ፊርማ በመሰብሰብና ከሲኒየር ጀርባ በመቆም ያሳልፋቸዋል። ሌላው ዋርድ ላይ በሽተኛው የበሽታው ስም ካርዱ ላይ ተጽፎ ይጠብቃችኋል። ድንገተኛ ክፍል ግን «ትንፋሽ አጠረኝ» ብሎ ብቻ ይመጣል። ከዜሮ ማሰብ የምትማሩት እዚህ ነው።

የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ ትምህርት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው፤ ገና ወጣት ሙያ ነው። ስለዚህ በቆላው ሌሊት በቃሬዛ የመጣን ሰው የሚቀበለው ብዙ ጊዜ አዲስ የተመረቀ ጠቅላላ ሐኪም ነው። ነገ እሱ እናንተ ናችሁ። ሪፈር ቢጻፍለት እንኳ ደብረ ሲናን አልፎ፣ የጣርማ በርን ዳገት ወጥቶ ነው ደብረ ብርሃን የሚደርሰው። ያን መንገድ በሕይወት መጨረሱ ከመነሳቱ በፊት በተደረገለት ነገር ይወሰናል።

እንግዲህ ምን ታድርጉ?

አንደኛ፦ ቅደም ተከተሉን ያዙ። የበሽታውን ስም ከመፈለግ በፊት የአየር መንገዱ ክፍት ነው? ይተነፍሳል? ደሙ ይዘዋወራል? አንድ ቀን ሙሉ ትሪያጅ ከምትሠራው ነርስ ጎን ቁሙ። ጮኾ ከሚያቃስተው ይልቅ ዝም ያለው ቀይ ሊሆን እንደሚችል እዚያ ታያላችሁ።

ሁለተኛ፦ በሲኒየር ፊት እጃችሁን አሠሩ። ደም ሥር ማግኘት፣ ኦክስጅን መስጠት፣ የሚፈስን ደም ተጭኖ ማቆም በንባብ አይገኝም። የማታውቁትን «አላውቅም» በሉ። በሰው ነፍስ ላይ መገመት አማናን ማጉደል ነው።

ሦስተኛ፦ በየዱቲው አንድ በሽተኛ መርጣችሁ መጨረሻውን ተከታተሉ። ተኛ? ዳነ? ሞተ? የገመታችሁት ልክ ነበር? ይህን ያላደረገ መቶ ሰው አይቶም አንድም አይማር።

አራተኛ፦ ቋንቋችሁ መድኃኒት ነው። አርጎብኛ፣ ኦሮምኛ ወይም አፋርኛ የምትችሉ፣ እናቶችን በቋንቋቸው «ቤት ምን ተደረገለት?» ብላችሁ ጠይቁ። እባብ የነደፈው ልጅ እግሩ በገመድ ታስሮ ቢመጣ ቤተሰቡን አትቆጡ፤ የተቆጡት ሰው በቀጣዩ ይደብቃል፣ ወይም ይቀራል። ገመዱንም በጥድፊያ አትፍቱ፣ መጀመሪያ ሲኒየር ጥሩ።

ስለ ሰላት የምትጠይቁን ብዙ ናችሁ። ታላቁ የሻፊዒይ መዝሀብ ዓሊም ዒዝ ኢብኑ ዐብዲሰላም እየሰመጠ ያለን ሰው ማዳን ከሰላት እንደሚቀድም አስተምረዋል፤ የዳነበት ሰው ሰላቱን ኋላ ይደርስበታል፣ የሞተው ግን አይመለስም። በሽተኛውን ጥሎ መውጣት ለማይችል ሐኪም ዙህርን ከዐስር፣ መግሪብን ከዒሻእ ማጣመርን የዘመናችን ብዙ ዑለሞች ፈቅደዋል። ይህ ግን ለጭንቅ ሰዓት እንጂ ሻይ እየጠጡ ሰላት ለማሳለፍ አይደለም። ዝርዝሩን የአካባቢያችሁን ዓሊም ጠይቁ።

ሥራችሁ ከዲን የራቀ አይምሰላችሁ። በኸንደቅ ዘመቻ ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝ ክንዱን በቀስት ሲመታ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በቅርብ ሊጠይቁት በመስጂዳቸው ውስጥ ድንኳን አስተከሉለት። በድንኳን ቁስለኞችን ታክም የነበረችውም ሩፈይዳ እንደነበረች የሲራ ጸሐፊዎች ዘግበዋል። እህቶቻችን ይህን ልብ በሉ።

እኛ ጀናዛ ማጠብ አይከብደንም። የሚከብደን ትንሽ ቀድሞ የሚያውቅ እጅ ቢያገኝ ይተርፍ ነበር የሚባልለትን ሰው ማጠብ ነው። ያ እጅ የእናንተ ይሁን። አላህ ያግራላችሁ፣ ዕውቀታችሁንም ይባርክላችሁ። ወላሁ አዕለም።