ያልተደረገው ግጥሚያ

አባቴ ኪየቭ ተምሮ ሲመለስ ካመጣቸው ዕቃዎች መካከል ዛሬ እኔ ዘንድ ያሉት ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንድ ታጣፊ የቼዝ ሰሌዳና አንድ ሽፋኑ የተገነጠለ የሩሲያኛ የቼዝ መጽሐፍ። ሩሲያኛ አላነብም። ቢሆንም የጨዋታው ምልክቶችና አባቴ በየኅዳጉ በእርሳስ የጫራቸው ማስታወሻዎች ይመሩኛል። ከሁሉም ገጽ ይልቅ በጣት እድፍ የጠቆረው የአኪባ ሩቢንሽታይን ነው።

ሩቢንሽታይን ያኔ በሩሲያ ግዛት ሥር በነበረችው ፖላንድ፣ ስታቪስኪ በምትባል ትንሽ ከተማ የተወለደ አይሁዳዊ ነው። በ1909 እ.ኤ.አ. ሴንት ፒተርስበርግ ላይ ከዓለሙ ሻምፒዮን ከኢማኑኤል ላስከር ጋር አንደኝነቱን ተጋራ፤ ፊት ለፊት ሲገናኙ ግን ያሸነፈው እሱ ነበር። በ1911 ሳን ሴባስቲያን ላይ አንደኛ የወጣውን ኩባዊ ካፓብላንካን በዚያ ውድድር የረታው እሱ ብቻ ነው። በ1912 ደግሞ በአምስት ታላላቅ ውድድሮች፣ አንዱን ተጋርቶ፣ አንደኛ ሆነ።

አባቴ ያንን የ1909 ጨዋታ ደጋግሞ ያሳየኝ ነበር። ንግሥቶቹ ከሰሌዳው ከወረዱ በኋላ የሚቀሩት ሩኮችና ወታደሮች ናቸው። ሩቢንሽታይን አይቸኩልም፤ ላስከር መላወሻ እስኪያጣ ድረስ ቀስ እያለ ያጠብበታል። «አየህ ልጄ፣ ትዕግሥት ማለት ይኸ ነው» ይለኝ ነበር አባቴ።

ትዕግሥት ግን ሩቢንሽታይንን ለዘውድ አላበቃውም። ከላስከር ጋር ለሻምፒዮንነት እንዲገጥም ለ1914 መገባደጃ ቀጠሮ ተያዘ። በዚያው ዓመት ኦገስት የዓለም ጦርነት ፈነዳ፤ ማንሃይም ላይ ይካሄድ የነበረው ውድድር መሐል ላይ ተቋረጠ፤ የሩሲያ ተጫዋቾችም በጀርመኖች እጅ ታገቱ። የሩቢንሽታይንና የላስከር ግጥሚያም በዚያው ቀረ። በ1921 ዘውዱ ወደ ካፓብላንካ ተሻገረ። በ1922 የወጣው ደንብ ደግሞ ሻምፒዮኑን የሚጋብዝ ሰው 10,000 ዶላር እንዲያቀርብ ጠየቀ፤ ሩቢንሽታይን ያን ገንዘብ ከየት ያምጣው? በመጨረሻ የአእምሮ ሕመም ከውድድር አስወጣው፤ በ1961 ቤልጂየም ውስጥ አረፈ። ለዘውዱ አንድም ቀን ሳይገጥም።

አባቴን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፍሁት በ19 ዓመቴ ነው። ዝም ብሎ ሰሌዳውን አየና ፈገግ አለ። «የሚመጣው እሑድ መልስ አለኝ፤ ነጩን እኔ እይዛለሁ» አለኝ። በዚያ እሑድ ጓደኞቼ ጠሩኝ። በሚቀጥለው ፈተና ነበረብኝ። ከዚያ የጋዜጠኝነት ትምህርት፣ ከዚያ ሥራ፣ ከዚያ ነገ የሚደርስ ጽሑፍ። አባቴ በየሳምንቱ ሰሌዳውን ዘርግቶ ይጠብቅ እንደነበር እናቴ የነገረችኝ ከለቅሶው በኋላ ነው። «እንዳትጠራው፣ ሥራ ላይ ነው» ይላት ነበር አሉ።

ስለ ሩቢንሽታይን ሳስብ መጀመሪያ ራሴን ለማጽናናት ሞከርሁ፤ መቼም የስንቱ ሰው ግጥሚያ ሳይደረግ ቀርቷል! ነገር ግን ማጽናኛው አልያዘልኝም። በሩቢንሽታይንና በሰሌዳው መካከል የቆሙት ጦርነት፣ ድህነትና ሕመም ናቸው። በእኔና በአባቴ መካከል የነበረው ግን አንድ ኮሪደር ብቻ ነው።

ትናንት ሰሌዳውን አውጥቼ አቧራውን ጠረግሁ። ነጮቹን በእሱ ወንበር በኩል ደረደርሁ፤ ጥቁሮቹን በእኔ። ቼዝ ላይ የሚጀምረው ነጭ ነውና ረጅም ሰዓት ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ።