መሣሪያው እስኪመጣ

ጀጎል ግንብ ውስጥ ያደገ የሐረር ልጅ ስንት ቋንቋ ታውቃለህ ቢሉት ቆም ብሎ ይቆጥራል። ቤት ሐረሪ፣ ገበያ ኦሮምኛ፣ ትምህርት ቤት አማርኛ፣ ቁርኣን ቤት ዓረብኛ፤ ሶማልኛውንም ከጎረቤት ይለቅማል። አንዱን ልልመድ ብሎ ሌላውን የጣለ የለም። መስማት ለተሳነው ሕፃን ሲሆን ግን «ወይ ጆሮ ወይ እጅ»፣ ማለትም ወይ ንግግር ወይ የምልክት ቋንቋ፣ የሚል ክርክር ይመጣል።

ክርክሩን ያጋጋለው ኮክሊያር ኢምፕላንት ነው። በቀዶ ጥገና ቀጭን ሽቦ ውስጠኛው ጆሮ ይገባል፤ ከውጭ በማግኔት ራስ ላይ የሚለጠፈው ክፍል ድምፅ ይቀበላል፣ ያም በኤሌክትሪክ ወደ መስማት ነርቭ ይደርሳል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1990 ለሕፃናት ስትፈቅድ፣ የአገሪቱ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ማኅበር በዓመቱ ተቃወመ፤ በ2000 አቋሙን አለዘበ። በእኛ አገር የሚያስቸኩልም ነገር አለ። ማጅራት ገትር ጆሮ ሲያጠፋ የውስጠኛውን ጆሮ ቦይ አጥንት ሊያደርገው ይችላል፤ ያኔ ሽቦው መግቢያ ያጣል።

እኔ መሣሪያውን አልነቅፍም። ግን ሐረር ያለውን መኪና ግርግርን አስቡት፤ በዚያ ጠባብ መንገድ ግራና ቀኝ የስፌት መኪና ይንጫጫል። ጸጥ ባለ ክፍል የእናቱን ቃል የሚለይ ባለ ኢምፕላንት ልጅ እዚያ ሲደርስ ሁሉም ይደባለቅበታል። መብራት ጠፍቶ ባትሪው ሳይሞላ ካደረ ደግሞ ጭራሽ አይሰማም።

የምልክት ቋንቋ መብራት አይጠብቅም። የጣት ፊደላችንን ላየው ያስደንቃል፤ «ለ» የራሷ የእጅ ቅርጽ አላት፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ ለማለት ቅርጹ እንዳለ ሆኖ እጅ ይንቀሳቀሳል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቋንቋውን በዲግሪ ደረጃ ያስተምራል።

ነውሩ ሌላ ነው፦ ገንዘቡ እስኪሞላ፣ የውጭ አገር ቀጠሮ እስኪያዝ፣ «ምልክት ከለመደ አይናገርም» ተብሎ ሕፃኑ ያለ አንዳች ቋንቋ መቀመጡ። የመጀመሪያዎቹ የቋንቋ ዓመታት ካለፉ አይመለሱም። ኢምፕላንት የተደረገለትም ቢሆን ገና የዓመታት የንግግር ልምምድ ይጠብቀዋል። ቋንቋ ቋንቋን ያበላሻል የሚለውን ደግሞ ሐረር ላይ ቆሞ ማመን ያሳፍራል።

ስለዚህ ወላጆች፣ ለቀዶ ጥገናው አዋጡ፤ ምልክቱን ግን ዛሬ ጀምሩ። የሐረሪ መረዳጃ ማኅበሩ አፎቻም ለሠርግና ለለቅሶ እንደሚሰበሰብ ለዚህም ይሰብሰብ። መስማት የተሳናቸውን ጎልማሶች አስተማሪ አድርጉና ደመወዛቸውን ክፈሉ።