የነሐስ እግር

በሕይወቴ ካፈርኩባቸው ምሽቶች አንዷን ላወጋህ ነው። ነገሩ አልነሳ ስላለ ኮምፒውተር ነው፤ ይሁንና በዚያች ምሽት ዝም ያለው ኮምፒውተሩ ብቻ አልነበረም።

ጊዜው ግንቦት 2001 ዓ.ም. ነበር፤ አዲስ አበባ መብራት በፈረቃ የምታገኝበት ወቅት። እኔና ታናሽ ወንድሜ የምንኖረው ካዛንቺስ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ያሠራቸው ቤቶች ለሰፈሩ ስማቸውን አውርሰውታል፤ የእኛዋ ግን ከእነዚያ ቤቶች ጀርባ የተጠጋች ባለ አንድ ክፍል የጭቃ ቤት ነበረች። እናታችን ካረፈች ወዲህ ሁለታችን ብቻ ነን። እርሱ የ16 ዓመት ተማሪ፣ እኔ የሰው የመመረቂያ ጽሑፍ በገጽ ሒሳብ እየተየብኩ የቤት ኪራይ የምከፍል ሰው።

አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመለስ የኮምፒውተራችን ማዘርቦርድ ተቃጠለ። ያጠራቀምኳትን አራግፌ አዲስ ገዛሁ። በማግስቱ የማስረክበው ጽሑፍ ነበረኝ፤ በማግስቱ ደግሞ መብራት ተራው የእኛ ሰፈር አይደለም። ያለችን ያቺ ሌሊት ብቻ ነበረች።

ጠረጴዛው ላይ ተደፍተን መግጠም ጀመርን። አሮጌውን ቦርድ ፈትተን ስናወጣ፣ ወንድሜ ኬዙ ላይ የቆሙትን ትንንሽ የነሐስ እግሮች አየና፣ “ወንድም ጋሼ፣ አዲሱ እኮ አነስ ይላል። ይቺኛዋን እግር አንነቅላትም?” አለኝ።

“ዝም ብለህ ያዝ!” አልኩት።

ሁሉን ሰክተን ማብሪያውን ተጫንኩ። ማራገቢያው አንድ ጊዜ ነቅነቅ ብሎ ቆመ። ደግሜ ተጫንኩ። ምንም።

የማውቀውን ሁሉ ሞከርኩ። ማከፋፈያው ላይ አምፖል ሰካሁ፤ በራ። ፓወር ሳፕላዩን ከቦርዱ ነቅዬ፣ አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁሩ ጋር በወረቀት አግራፍ አገናኘሁ፤ ማራገቢያው ዞረ፤ እርሱም ደኅና ነው። ለፕሮሰሰሩ 12 ቮልት የሚያደርሰው ባለ አራት ቀዳዳው ሶኬት ብዙ ሰው የሚረሳው ነው፤ እኛ ግን አልረሳነውም። ጥፋቱ የማብሪያው ቁልፍ ይሆን ብዬ፣ ሁለቱን ቀጫጭን ሽቦዎች ነቅዬ ቦርዱ ላይ ያሉትን ሁለት መርፌዎች በካቻቢቴ ጫፍ አነካካኋቸው። ራሙን አውጥቼ መለስኩ። ማራገቢያው አሁንም ነቅነቅ ብሎ ቆመ።

የቀረኝ የምጠረጥረው ነገር ሰው ብቻ ሆነ።

“ፕሮሰሰሩን ያስገባኸው አንተ ነህ” አልኩት። “ምን ነካህ? እጅህ የገባበት ነገር መቼ ደኅና ሆኖ ያውቃል!”

አልመለሰልኝም። ኮቱን አንሥቶ፣ በሩን ቀስ ብሎ ዘግቶ ወጣ። ቢያጋጨው ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ብቻዬን ስቀር፣ ቦርዱን እንዳለ ፈትቼ አወጣሁትና የመጣበት ካርቶን ላይ አጋደምኩት። ለመጨረሻ ጊዜ ብዬ ሁለቱን መርፌዎች ነካሁ። ማራገቢያው ዞረ። አልቆመም።

ባትሪ አብርቼ ባዶውን ኬዝ አየሁ። እነዚያ የነሐስ እግሮች ሥራቸው ቦርዱ ከኬዙ ብረት ጋር እንዳይነካካ ከፍ አድርገው መያዝ ነው። እያንዳንዷ እግር በቦርዱ ላይ ልኳ የሆነ የብሎን ቀዳዳ ያስፈልጋታል። አዲሱ ቦርድ ከአሮጌው ስለሚያንስ፣ አንዲቱ እግር ቀዳዳ አጥታ ከሥሩ ቀርታለች፤ የጀርባውን ብየዳዎች ነክታ ከኬዙ ብረት ጋር አገናኝታቸዋለች። ፓወር ሳፕላይ እንዲህ ያለ ሾርት ሲያገኘው ራሱን ያጠፋል። ያ ሁሉ ዝምታ ብልሽት አልነበረም፤ የባሰ እንዳይመጣ መጠበቁ ነበር።

እግሯን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩና ወጣሁ። የት እንደሄደ አውቃለሁ፤ አክስታችን ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይኖራሉ። ያካፋል። በእስጢፋኖስ ወርጄ፣ መስቀል አደባባይን አቋርጬ፣ በለገሐር በኩል ቂርቆስ ስደርስ ሰፈሩ ጨለማ ነው። አክስታችን ሻማ ይዘው ከፈቱልኝ። ፊቴን አይተው ምንም ሳይጠይቁኝ ወደ ጎን አሉ። ወንድሜ ሰንዱቁ ላይ ተቀምጧል።

ምን እንደምለው በመንገዴ ሁሉ ሳሰላስል መጥቼ ነበር፤ ከፊቱ ስቆም ሁሉም ጠፋኝ። እጄን ከኪሴ አውጥቼ ዘረጋሁለት።

“እግሯ ናት አይደል?” አለ፣ በሻማው ብርሃን እያየ።

“ለምን አልነገርከኝም?”

“ነግሬህ ነበር።”

ይቅርታ ጠየቅኩት። ታላቅ ወንድም ለታናሹ እንዲህ ሲል እኔ ባደግኩበት ቤት አልሰማሁም ነበር፤ አክስታችንም ሳይገርማቸው አልቀረም። ሻይ ጠጥተን አብረን ተመለስን። ቦርዱን እርሱ ገጠመው፤ እኔ ባትሪውን ያዝኩለት። መብራቱ ሲሄድ ጽሑፉን በፍላሽ ገልብጠን ጨርሰን ነበር።

ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲፈርስ ያቺ ቤት አብራ ፈረሰች። ያን ጊዜ እዚያ የምንኖር አልነበርንም፤ ግን ሄጄ ቦታዋን ለመለየት ሞክሬ አቃተኝ። ወንድሜ ዛሬ የሁለት ልጆች አባት ነው። ኮምፒውተሬ እምቢ ባለኝ ቁጥር የምደውለው ለእርሱ ነው። ስልኩን ያነሣና፣ ብልሽቱን ገና ሳልነግረው፣ እየሣቀ ይጠይቀኛል፦

“ወንድም ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ነካህ?”