ጊጋባይቱን ተዉትና

«ለጀማሪ አፕ ሠሪ የሀገር ውስጥ ሆስቲንግ ይሻላል ወይስ የውጭ?» የሚለው ክርክራችሁ ዛሬም ጊጋባይትና ፍጥነት ላይ ተተክሎ ዋለ። ለክሊኒክ ቀጠሮ ወይም ለሱቅ ዕቃ መመዝገቢያ ለሚሆን ትንሽ አፕ ሁለቱም ያን ያህል አያሳስቡም። አምስት ሜጋባይት ፎቶ እንዳለ የተለጠፈበት ገጽ ሰርቨሩ ቦሌ ቢቀመጥም ይንቀራፈፋል። ጀማሪን የሚጥለው የዓመቱ ክፍያ የሚጠየቅበት ገንዘብና ነገሩ ሲበላሽ የሚያናግረው ሰው ማጣቱ ነው። የውጭው ሆስቲንግ ሄሮኩ በኅዳር 2015 ነፃውን አገልግሎት ሲያቆም በዶላር የሚከፍል ካርድ ያለው ከፍሎ ቀጠለ፣ የሌለው ፕሮጀክቱን ተሸክሞ ሌላ ማደሪያ ፍለጋ ወጣ። ሐምሌ 2016 የምንዛሪው ተመን ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ 100 ብርን አለፈ፤ የአምስት ዶላር ሰርቨር አንድ ሳንቲም ሳይጨምር በብር እጥፍ ግድም ሆነ። የሀገር ውስጡም ዋጋ መጨመሩ አይቀርም፤ ቢያንስ ግን በቴሌብር ይከፈላል፣ አሜሪካ ያለ የአጎት ልጅ ካርዱን እንዲያውስ አይለመንም።

በነገራችን ላይ፣ «ዋጋ በውስጥ መስመር» የምትሉ የሆስቲንግ ሻጮች፣ ኧረ በፈጠራችሁ! የምትሸጡት እኮ ኮንዶሚኒየም አይደለም። «አንሊሚትድ» የሚሉትማ ሌላ ጉድ ናቸው። ዲስኩን ያለ ገደብ ይሰጡና የፋይሉን ብዛት ይቆጥሩታል፤ አንድ የኖድ ፕሮጀክት በጥገኛ ፓኬጆቹ ብቻ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ፋይል ይዞ ሲገባ ኮታው እዚያው ያልቃል። የደንበኛን ዶሜይን በራሱ ስም አስመዝግቦ፣ ልልቀቅ ሲሉት ስልክ የሚያጠፋውን ሻጭስ ምን እንበለው? ዶሜይኑ በእናንተ ስምና በእናንተ ኢሜይል ይመዝገብ። እዚህ ላይ ድርድር የለም።

«የሀገር ውስጥ የሚባለውም እኮ ሰርቨሩ ውጭ ነው» ትላላችሁ። ብዙ ጊዜ እውነት ነው፣ የውጭ ሰርቨር ተከራይተው የሚያከራዩ ሞልተዋል። ይሁና! ጀማሪው የሚገዛው በብር መክፈሉንና በአማርኛ መጠየቁን እንጂ ሕንፃውን አይደለም። «ፒኤችፒ እንጂ ሌላ አያውቁም» የሚለው ግን ክብደት አለው። ላራቬል ወይም ዎርድፕሬስ ከሆነ ሲፓነል ይበቃችኋል። ጃንጎ ወይም ኖድ ከሆነ ሲፓነሉ ላይ የፓይተንና የኖድ ማስነሻ መኖሩን፣ ኤስኤስኤች መፈቀዱን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከሌለ ያለ ይሉኝታ ወደ ውጭ ሂዱ። ለሆስቲንግ ብሎ ኮድ እንደ አዲስ መጻፍ እብደት ነው። «ይወድቃል» ለምትሉም፣ የውጭውም ይወድቃል። ስለዚህ የዳታቤዙ ባካፕ በየሳምንቱ ኮምፒውተራችሁ ላይ ይውረድ።

በሉ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ቅዳሜ ማታ ደውሉላቸው። ካላነሱ እለፏቸው።