የኤቴል ተራራ

ቡናው እስኪፈላ ስለ አንዲት ሠዓሊና ስለ አንድ ተራራ ላጫውትዎ። ተራራው ታማልፓይስ ይባላል፤ ከሳን ፍራንሲስኮ በስተሰሜን፣ ከጎልደን ጌት ድልድይ ማዶ ነው። ከፍታው 784 ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ የሰሜንን ወይም የባሌን ተራሮች የሚያውቅ ሰው ኮረብታ ነው ቢል አይፈረድበትም። ኤቴል አድናን ግን ይህንኑ አንድ ተራራ ለአሥርተ ዓመታት ስትሥለው ኖራለች።

የትውልድ ቀዬዋ ቢሆን ኖሮ አይደንቀኝም ነበር። ፈረንሳዊው ሴዛን ሴንት ቪክቷር የተባለውን ተራራ ደጋግሞ የሣለው ተወልዶ ያደገው በዚያው አካባቢ፣ ኤክስ ከተማ ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 እንኳ ደጅ ሲሥል ዝናብ ደብድቦት፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ እዚያው አረፈ። ኤቴል ግን በ1925 የተወለደችው ቤሩት ነው። አባቷ የደማስቆ ሙስሊም፣ በኦቶማን ጦር መኮንን የነበሩ፤ እናቷ የሰምርኔስ ግሪክ፤ የቤቱ ቋንቋ ግሪክኛና ቱርክኛ፣ የትምህርት ቤቱ ፈረንሳይኛ። ፓሪስ ፍልስፍና ተማረች፣ በ1955 አሜሪካ ተሻገረች፣ ከዚያም ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳን ራፋኤል በሚገኝ ኮሌጅ አስተማሪ ሆነች። ብሩሽ እንድታነሣ ያደረጋት እዚያው የሥዕል መምህርት የነበረች ባልደረባዋ ናት፤ ሳትሥይ የኪነ ጥበብን ፍልስፍና እንዴት ታስተምሪያለሽ ብላ ጠየቀቻት። ያኔ ኤቴል ሠላሳውን አልፋለች።

አሣሣሏን ልንገርዎ፤ እኔ የምወድላት ይህንን ነው። ሸራው ትንሽ ነው፤ እንደ መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ አጋድማ ትሠራዋለች። ቀለሙን ከቱቦው በቀጥታ ትጨምቅና በሥዕል ቢላ ወፈር አድርጋ ትለቀልቀዋለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ሳትነሣ ትጨርሰዋለች። ተራራው አንዴ አረንጓዴ፣ አንዴ ወይን ጠጅ ሆኖ ይወጣል። ዛፍ አይታይበትም፣ መንገድ አይታይበትም፣ ቤትም የለም። እንግዳ ሰው ያየውን ሁሉ ሊይዝ ይጓጓል፤ ሳውሳሊቶ ከተማ ከሚገኘው ቤቷ መስኮት በክረምትም በበጋም ስታየው የኖረች ሴት ግን የጫፉን መስመር ብቻ አስቀምጣ ሌላውን ትተወዋለች። ምን እንደሚተው ለማወቅ ችሎታ ብቻውን አይበቃም። ኑሮ ይጠይቃል።



በስተርጅናዋ ፓሪስ ተቀመጠች። ተራራው ውቅያኖስ ማዶ ቀረ፤ እሷ ግን አፓርታማዋ ውስጥ ሆና ከትዝታ መሣሏን ቀጠለች። በ2021 በ96 ዓመቷ ስታርፍ ሥራዋ ኒውዮርክ ጉግንሃይም ሙዚየም ውስጥ እየታየ ነበር።

ይህን ጨዋታ ያነሣሁት ባሕር ማዶ ለሚሥሉ ወገኖቼ ስለምቆረቆር ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ሃያና ሠላሳ ዓመት የኖረ ሰው የአገር ገጽታ ሲሥል ጎጆ ቤትን፣ ጣናንና ታንኳን ይሥላል። ይሣል፤ ናፍቆቱ የእሱ ነው፣ ማንም አይከለክለውም። ግን ልጆቹን ያሳደገበት ሰፈር፣ ሥራ ሲሄድ በየማለዳው የሚሻገረው የፖቶማክ ወንዝ ለምን ሸራ አያገኝም? በመጸው ቅጠሉ ቀይ የሚሆነውን ዛፍ ከአካባቢው ተወላጅ እኩል ያውቀዋል፤ ምናልባትም የልጅነቱን አረንጓዴ ከጎኑ አድርጎ ስለሚያየው ይበልጥ ያውቀዋል። እርስዎም ከሚሥሉት ወገን ከሆኑ፣ በሚቀጥለው ሸራዎ ከመስኮትዎ የሚታየውን ይሞክሩት። ፎቶግራፍ ሳይዙ፣ ጀርባዎን ለመስኮቱ ሰጥተው እንደ ኤቴል ከትዝታ ይሣሉት፤ ከእጅዎ የሚወጣው መስመር የትኛው እንደሆነ ያዩታል።