አምስት ፖስታና አንድ ደሴት

የንባብ ክፍል፦ ማርቆስ 6፥30-44፤ 1ኛ ጢሞቴዎስ 6፥17-18

የግሪክ ደሴቶችን ፎቶ በስልኩ ያላየ ሰው ዛሬ ጥቂት ነው። ነጭ ቤቶች፣ ሰማያዊ ጉልላት፣ ከታች የተዘረጋ ባሕር፤ ባልና ሚስት ጀምበር ስትጠልቅ ተቃቅፈው ቆመዋል። ሳንቶሪኒ ነው ይሉናል፤ ሚኮኖስ ነው ይሉናል። መጽሐፍ ቅዱስን ለምናነብ ደግሞ ያ ባሕር እንግዳ አይደለም። ጳውሎስ በሚጢሊኒ፣ በኪዩ፣ በሳሞን፣ በቆስና በሩድ በኩል አልፏል (የሐዋርያት ሥራ 20 እና 21)። ዮሐንስም በፍጥሞ ደሴት ነበረ። ዛሬ ሰው ገንዘብ አጠራቅሞ የሚሄድባቸው ደሴቶች ለአንዱ የመንገድ ማረፊያ፣ ለሌላው የመከራ ስፍራ ነበሩ።

ለአብዛኞቻችን እነዚያ ፎቶዎች ፎቶ ሆነው ይቀራሉ። ጥያቄው ግን ከፎቶው ጋር አብሮ ይመጣል፤ ኑሮ በጠበበበት በዚህ ዘመን አማኝ ባልና ሚስት ለዕረፍት ገንዘብ ቢያወጡ ያስነቅፋል ወይ? በኅብረቶቻችን ሁለት መልስ እሰማለሁ። አንዱ «ይህ ዓለማዊነት ነው፤ ስንት የተቸገረ ወገን እያለ!» ይላል። ሌላው «አንድ ጊዜ ነው የምንኖረው» ብሎ ተበድሮም ቢሆን ይሄዳል። እኔና ባለቤቴ ከሁለቱም መካከል ቆመን ብዙ ጊዜ ቆየን።

የተጋባነው በ2009 ዓ.ም. ነው። ለጫጉላ ያሰብነው ገንዘብ ለአማቴ ሕክምና ዋለ፤ በዚህ ተጸጽተን አናውቅም። እኔ መምህርት ነኝ። ባለቤቴ ከአንድ ትራንዚተር ጋር ይሠራል፤ ሲነጋ እስኪመሽ በጅቡቲ ወደብ የሚያልፍ ዕቃ ወረቀት ሲያገላብጥ ይውላል። ባሕሩን ግን አይቶት አያውቅም ነበር። ለድሬ ሰው ጅቡቲ ሩቅ አይደለም። ከተማችን የተቆረቆረችው ከጅቡቲ የተነሳው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ነው፤ ግሪኮችና አርመኖች፣ ሕንዶችና ዓረቦች በከዚራና በመጋላ ሱቅ የከፈቱት ያንን ሐዲድ ተከትለው ነው። ስለዚህ «ወደ ግሪክ ባንችል ወደ ጅቡቲ እንሂድ፤ እዚያም ደሴት አለ» ተባባልን። ከየደሞዛችን እየቀነስን በሦስት ዓመት 60 ሺህ ብር አስቀመጥን።

ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ለቀቀው። አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የጅቡቲ ፍራንክ ደግሞ ከዶላር ጋር በአንድ ቋሚ ዋጋ የታሰረ ነው፤ ከ50 ዓመት በላይ አንድ ዶላር 177 ፍራንክ ከምናምን ነው። እዚያ ምንም ሳይወደድ እኛ ዘንድ ሁሉም ተወደደ። በሰኔ ስናሰላው ከ1,000 ዶላር በላይ የነበረው ገንዘባችን ታኅሣሥ ላይ 480 ገደማ ሆነ። ብሩ ግን ያው 60 ሺህ ነበር።

ያን ሰሞን ቤታችን ውስጥ ዝምታ ገባ። ገንዘብ ያነሰበት ቤት የሚያውቀው ዝምታ ነው፤ ጠብ የለም፣ ግን ሁለቱም አንዱን ርዕስ ዘሎ ይናገራል። አንድ ማታ ከጸሎት በኋላ ባለቤቴ «ስሚኝ፤ እንተወው ልል ነበር» አለኝ። «ገንዘቡ ስላነሰ ብቻ አይደለም። አንቺ በስልክ የምታዪውን ሌሎች ለሚስቶቻቸው ያደርጋሉ። እኔ ወስጄሽ እዚያ ደርሰን ውሃ ስትጠሚ ዋጋ ልጠይቅ ነው? አፈርኩ።»

እኔም «ዋጋውን እዚህ እንጠይቅና እዚያ ሳንጠይቅ እንጠጣ» አልኩት። ሳቀ። ወረቀትና እስክርቢቶ አመጣን።

ከዚያ ማታ የተማርኩት ነገር ከጉዞው ሁሉ የሚበልጥ ይመስለኛል። የመሄጃውንና የሰነዱን ወጪ ከወር ደሞዛችን ችለን፣ የቀረውን በፍራንክ አሰላነው፤ 85 ሺህ ፍራንክ ገደማ መጣ። አምስት ፖስታ አዘጋጀን። ለሦስት ሌሊት ማደሪያ 27 ሺህ፣ ለምግብ 20 ሺህ፣ እዚያ ለመንቀሳቀስና ለመመለሻ 12 ሺህ፣ ለደሴቱ 18 ሺህ። አምስተኛው 8 ሺህ ፍራንክ ነበረ። በላዩ ላይ ባለቤቴ «ለሚመጣው» ብሎ ጻፈበት። ማን እንደሚመጣ ሁለታችንም አላወቅንም። ከዚህም ጋር አንድ ሕግ አወጣን፤ ከደወሌ ወዲያ ዋጋን ወደ ብር መመንዘር አይቻልም። የተወሰነው እዚህ ተወስኗል።

ጥር 2017 ዓ.ም. ላይ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው አዲሱ ጣቢያ ባቡር ተሳፈርን። አዲጋላን፣ አይሻን አልፈን ደወሌ ላይ ፓስፖርታችን ተመታ። ከዚያ በኋላ ደረቁ ምድር፣ ፍየሉና ግመሉ እያለ ናጋድ ደረስን። ጅቡቲ በእርግጥ ውድ አገር ናት። በባሕሩ ዳር ባሉት ትልልቅ ሆቴሎች ለአንድ ሌሊት የመምህር የወር ደሞዝ አይበቃም። እኛ ከመሐል ከተማው ትንሽ ራቅ ብላ ያለች፣ አልጋዋ ንጹሕ የሆነ ክፍል አገኘን። ቀን በእግር፣ ሲደክመን በሚኒባስ ሄድን። አንድ ቀን ምሳ የየመኖችን ዓሣ በላን፤ ከወገቡ ተሰንጥቆ፣ ተቀምሞ፣ በምድጃ ተጠብሶ ከሰፊ ትኩስ ቂጣ ጋር የሚቀርበውን። አንዱ ዓሣ ለሁለት በቃን። ቀሪውን ጊዜ ዳቦና ሙዝ፣ እንቁላልና ሻይ ነበረ። ውሃ በገዛሁ ቁጥር አእምሮዬ ወደ ብር ሊመነዝር ይሞክራል፤ ባለቤቴ ፊቴን አይቶ ያውቅና «ደወሌን አልፈናል» ይለኛል።

ዓርብ ዕለት ከሌሎች ቤተሰቦች ጋር ጀልባ ተጋርተን ወደ ሙሻ ደሴት ሄድን። በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ያለች፣ ዛፏ ትንሽ፣ ዳርቻዋ ነጭ የሆነች የኮራል ደሴት ናት። እንግሊዞች በ1840 እ.ኤ.አ. ይህቺን ደሴት ከታጁራ ሱልጣን በአሥር ጆንያ ሩዝ እንደገዟት ይነገራል። ባለቤቴ ይህን ስነግረው «አሥር ጆንያማ ቢሆን ኖሮ እኛም እንደራደር ነበር» አለ።

እሱ የደቻቱ ልጅ ነው። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ግን በአንድ ሌሊት ጎርፍ ወርዶ ከ200 በላይ ሰዎችን ወሰደ። ከዚያ ወዲህ ውሃ ሲመጣ እግሩ ለመሸሽ ይዘጋጃል። የዚያን ቀን ጫማውን በእጁ ይዞ፣ ሱሪውን ሰብስቦ፣ እስከ ጉልበቱ ገባ። ሞገዱ መጥቶ ሲነካው ዓይኑን ጨፈነ፤ አልሸሸም። ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ውሃው እስከ ደረቱ ደረሰ። ለረጅም ጊዜ አልተናገረም፤ ሲጸልይ እንደነበረ ያወቅሁት ከንፈሩን አይቼ ነው። በስምንት ዓመት ትዳር ውስጥ እንዲህ አርፎ አይቼው አላውቅም ነበር።

በማግሥቱ በአማርኛ የሚያመልኩ ወገኖች ጋር ሄድን። እዚያ ከወሎ የመጣች አንዲት ወጣት እህት አገኘን። ብዙዎች በኦቦክ በኩል ባሕሩን ተሻግረው ወደ የመን እንደሚሄዱ ሁላችንም እናውቃለን፤ እሷም ሄዳ፣ ብዙ አይታ፣ ተመልሳ ነበር። አሁን የምትፈልገው ወደ እናቷ መመለስ ብቻ ነው። የጎደላት የመንገድ ገንዘብ ነበረ። እኔና ባለቤቴ ተያየን። መነጋገር አላስፈለገንም፤ አምስተኛው ፖስታ ከቦርሳዬ ወጣ።

ያን ማታ ልቤን የጠየቅሁት ጥያቄ ነበረ። እኛ ትናንት የተዝናናንበት ባሕር እሷን ሊውጣት የነበረ ባሕር ነው። ታዲያ የደሴቱ 18 ሺህ ፍራንክ ኃጢአት ነበረ? ይህን ይዤ ማርቆስ 6ን ከፈትሁ።

ደቀ መዛሙርቱ ከአገልግሎት ተመልሰው ነበር። ከሰው ብዛት የተነሳ ለመብላት እንኳ ጊዜ አልነበራቸውም። ጌታ «በርቱ፣ ገና ብዙ ሥራ አለ» አላላቸውም፤ ብቻቸውን ወደ ምድረ በዳ ሄደው ጥቂት እንዲያርፉ ነገራቸው። በታንኳ ሄዱ። ሲደርሱ ሕዝቡ በእግር ቀድሟቸው ነበር። ጌታ አዘነላቸው፤ ማረፍ የጠራቸው እርሱ ራሱ በዚያው ቀን እንዲመግቡ አዘዛቸው። እነርሱ ሁለት መቶ ዲናር አሰሉ፤ የሌላቸውን ገንዘብ። እርሱ ግን ስንት እንጀራ እንዳላቸው ሄደው እንዲያዩ ላካቸው። ቆጠሩ፤ አምስት እንጀራና ሁለት ዓሣ። ከዚያ በኋላ ነው የተባረከው፣ የተቆረሰው፣ የተረፈውም አሥራ ሁለት መሶብ የሆነው።

ዕረፍቱና መስጠቱ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ጌታ አፍ ወጡ። በመካከላቸው ያለው ትእዛዝ ደግሞ «ያላችሁን ሂዱና እዩ» የሚል ነው። እኛ ብዙ ጊዜ የምንጨነቀው በሌለን ሁለት መቶ ዲናር ነው፤ በስልክ በምናየው የሌላ ሰው ገንዘብ። በእጃችን ያለውን ግን ቆጥረን ለጌታ አናሳየውም። ያላቆጠረ ሰው ሲደሰት ያፍራል፤ ሲሰጥ ይፈራል። እኛ ድሬዳዋ ላይ በጌታ ፊት ቆጥረን ስለነበር ደሴቱ ላይ አላፈርንም፤ እህታችን ፊት ስንቆምም አልፈራንም።

ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል። እግዚአብሔር ሁሉን ነገር ደስ እንዲለን አትርፎ እንደሚሰጠን ይናገራልና፣ ወዲያው በሚቀጥለው ቁጥር በመልካም ሥራ ባለጠጎች፣ ለመርዳትም የተዘጋጁ እንዲሆኑ ያሳስባል። «ይህ የተጻፈው ለባለጠጎች ነው፤ እኛን አይመለከትም» እንል ይሆናል። እኔም ራሴን ከባለጠጎች ቆጥሬ አላውቅም። ያቺ እህት ግን ሁለት ፓስፖርት፣ የመመለሻ ገንዘብና የሚጠብቀው ቤት ያለውን ሰው ነው ያየችው። ባለጠግነት የት እንደሚጀምር የሚያውቀው ከእኛ በታች የቆመው ሰው ነው።

ውድ ወገኖች፣ ምናልባት ለእናንተ ጅቡቲ ሩቅ ይሆናል፤ ወይም የእናንተ ደሴት አንድ ቀን ሐረር ወጥቶ መመለስ፣ ወይም ማታ ማታ ከቤት ወጥቶ አብሮ አንድ ብርጭቆ ጭማቂ መጠጣት ይሆናል። መጠኑ አያሳስባችሁ። አንድ ማታ ግን ስልኩን አስቀምጡና ተቀመጡ። ጸልዩ። ያላችሁን በወረቀት ላይ ጻፉ፤ የሚያሳፍረውንም ቁጥር ጭምር። ለዕለት እንጀራችሁ፣ ለቤተሰባችሁ፣ ለዕረፍታችሁ ለዩለት። ገንዘቡ ምንም ቢያንስ አንድ ፖስታ ላይ ደግሞ «ለሚመጣው» ብላችሁ ጻፉ። ማን እንደሚመጣ ጌታ ያውቃል።

እንጸልይ፦ አባት ሆይ፣ ድካማችንን አይተህ ወደ ዕረፍት ስለምትጠራን እናመሰግንሃለን። በእጃችን ያለውን ያለ እፍረት በፊትህ እንድንቆጥር እርዳን። በትዳራችን ውስጥ የገባውን የገንዘብ ዝምታ ስበር። የሰጠኸንን በደስታ እንድንቀበል፣ የተራበውንም እንዳናልፍ ልብ ስጠን። ዛሬ በባሕር ላይና በበረሃ መንገድ ያሉትን ወገኖቻችንን ጠብቅ፤ ወደ እናቶቻቸው መልሳቸው። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፤ አሜን።